ከታካሚው ጣት እስከ እንጦጦ አንቴና፦ የሲግናል ፕሮሰሲንግ የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የሥራ መስኩ

መግቢያ

በሕክምና ተቋሞቻችን በየዕለቱ ከሚሰጡት ውሳኔዎች ብዙዎቹ መሣሪያ በሚያሳየው ቁጥር ወይም በሚስለው መስመር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ታካሚው ኦክሲጅን ይሰጠው ወይስ ይቆይ፣ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ይዛወር ወይስ ባለበት ክትትል ይደረግለት፣ እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ትገላገል ወይስ ምጡ ይቀጥል የሚሉት ጥያቄዎች በከፊል መልስ የሚያገኙት ከፐልስ ኦክሲሜትር፣ ከልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መመርመሪያ (ኢ.ሲ.ጂ.) እና ከፅንስ የልብ ምት መከታተያ ነው። በታካሚው አካልና በመሣሪያው ገጽ ላይ በምናነበው ቁጥር መካከል ግን ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አለ። ይህም ሲግናል ፕሮሰሲንግ ይባላል።

በቅርብ ዓመታት ወጣት ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና የባዮሜዲካል ባለሙያዎች በዚህ ዘርፍ ድኅረ ምረቃ ለመማር ሲያስቡ «ተምሬ ስጨርስ የት እሠራለሁ?» የሚል ጥያቄ ያነሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘርፉ ምን እንደሆነ፣ የጤና ባለሙያውን በምን እንደሚመለከተው፣ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚጠይቅና በሀገራችን ምን የሥራ በር እንደሚከፍት ማብራራት ነው። ለማስረጃነትም በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ከሚገኘው የየካ አካባቢና ከእንጦጦ ተራሮች የተወሰዱ ምሳሌዎችን እንጠቀማለን። በዚህ አካባቢ የሕክምናውም የሕዋውም ሲግናል ጎን ለጎን ይገኛል።

ሲግናል ማለት ምን ማለት ነው?

ሲግናል ማለት ከጊዜ ወይም ከቦታ ጋር የሚለዋወጥና መረጃ የሚሸከም ማንኛውም መጠን ነው። የልብ ጡንቻ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ፣ የሳንባ ድምፅ፣ በጣት ውስጥ አልፎ የሚወጣ ብርሃን፣ ከሳተላይት የሚላክ የሬዲዮ ሞገድና የመሬት መንቀጥቀጥ ሁሉም ሲግናሎች ናቸው። ሲግናል ፕሮሰሲንግ ደግሞ እነዚህን በየተወሰነ ጊዜ እየለኩ ወደ ቁጥር የመለወጥ፣ ከማይፈለገው ጣልቃ ገብ ሞገድ የማጣራት፣ በመጨረሻም ትርጉም ያለውን መረጃ የማውጣት ሳይንስ ነው።

በደረት ላይ ከሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች የሚገኘው የልብ ሲግናል አንድ ሚሊ ቮልት ገደማ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በሀገራችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጉልበቱም ከልቡ ሲግናል እጅግ ይበልጣል። ታካሚው ሲተነፍስ መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልላል፤ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የጡንቻው ኤሌክትሪክ ይጨመርበታል። ሐኪሙ ንጹሕ መስመር የሚያይበት ምክንያት በመሣሪያው ውስጥ ያለው ማጣሪያ እነዚህን በየድግግሞሻቸው ለይቶ ስለሚያስወግድ ነው። የዚህ ሁሉ መሠረት ፈረንሳዊው ፉርዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው፣ ማንኛውንም ሞገድ ወደ ቀላል ሞገዶች የመበተን ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኩሊና ቱኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ስሌት በኮምፒውተር በፍጥነት የሚያከናውን ዘዴ ካሳተሙ በኋላ ዘርፉ በስፋት አድጓል። የኤም.አር.አይ. ምስልም የሚሠራው በዚሁ የሒሳብ መንገድ ነው።

ማጣሪያው ውሳኔን ሲለውጥ

ማጣሪያ ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ አይሰጥም። ለምርመራ የሚነሳ ኢ.ሲ.ጂ. ለዐዋቂ ሰው ከ0.05 እስከ 150 ኸርዝ ያለውን የድግግሞሽ ክልል እንዲይዝ ይመከራል። ብዙ የመኝታ ክፍል ሞኒተሮች ግን መስመሩ እንዳይዋልል ሲባል ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ ወዳለው ጠባብ ክልል ይቀየራሉ። ለልብ ምት ክትትል ይህ በቂ ነው። ነገር ግን የታችኛው ወሰን ወደ 0.5 ኸርዝ ከፍ ሲል የኤስ-ቲ ክፍል ቅርፅ ሊዛባ ይችላል፤ የሌለ መውረድ ወይም መውጣት ሊታይ፣ ያለውም ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ የደረት ሕመም ባለበት ታካሚ በሞኒተር ላይ በታየ የኤስ-ቲ ለውጥ ብቻ ከመወሰን በፊት ባለ 12 ሊድ ኢ.ሲ.ጂ. በምርመራ ማጣሪያ ማንሳት ያስፈልጋል። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በትናንሽ ፊደል የሚታተመውን የማጣሪያ ቁጥር ማንበብም የምርመራው አካል ነው።

ፐልስ ኦክሲሜትርና የየካ ከፍታ

የዘርፉን ጥቅምና ወሰን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚያደርገው ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። የመሣሪያውን መርህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው። አዮያጊ በጆሮ ላይ በሚያልፍ ብርሃን አማካይነት ልብ የምትረጨውን የደም መጠን ለመለካት ሲሞክር የደም ቅዳ ቧንቧው ትርታ ልኬቱን እያወከ አስቸገረው። ትርታውን ለማጥፋት ሲሠራ ግን ይኸው ያስቸገረው ነገር የደም ቅዳውን ደም ከሌላው አካል ለይቶ እንደሚያሳይ ተገነዘበ። እንቅፋት ተብሎ ሊጣል የነበረው ሞገድ የመሣሪያው መሠረት ሆነ። አዮያጊ ያረፈው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ መካከል፣ መሣሪያው በዓለም ዙሪያ እጅግ በተፈለገበት ወቅት ነበር።

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ከየካ ተራሮች ግርጌ በኮተቤ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የወረርሽኙ ዋና የሕክምና ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። በዚያን ጊዜ በየሕክምና ማዕከሉ ታካሚን ለመለየትና ኦክሲጅንን ለማብቃቃት በዋነኛነት የሚታየው ይህ በጣት ላይ የሚሰካ መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር ነበር። ታዲያ ቁጥሩ እንዴት ይገኛል?

መሣሪያው 660 ናኖ ሜትር ገደማ ቀይና 940 ናኖ ሜትር ገደማ ታሕተ ቀይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክሲጅን የያዘና ያልያዘ ሄሞግሎቢን ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ይመጣሉ። ከጠቅላላው ብርሃን ውስጥ ከትርታው ጋር የሚለዋወጠው ክፍል እጅግ ትንሽ ነው፤ እርሱን ለይቶ የሁለቱን ብርሃኖች ንጽጽር ማስላት የሲግናል ፕሮሰሲንግ ሥራ ነው። ንጽጽሩ ወደ መቶኛ የሚለወጠው ግን ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ልኬት በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። ልኬቱ ለፈቃደኞቹ ደኅንነት ሲባል ከ70 በመቶ በታች ስለማይወርድ፣ ከዚያ በታች የሚታየው ቁጥር ግምት ነው። መሣሪያው የበርካታ ሴኮንዶችን ልኬት ስለሚያማክልም ከታካሚው እውነተኛ ሁኔታ ትንሽ ዘግይቶ ይናገራል። የቀዘቀዘ ጣት፣ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም በጥፍር ቀለም ወይም በእንሶስላ የጠቆረ ጥፍር ሲግናሉን ሊያደክሙት ይችላሉ።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ልኬቶች መካከል በደም ቅዳ ጋዝ ምርመራ ከ88 በመቶ በታች የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ ሲሆን በነጮች 3.6 በመቶ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለመሣሪያው ማረጋገጫ ቢያንስ 10 ሰዎችን፣ ከእነርሱም 2 ወይም 15 በመቶ የሚሆኑትን ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ቁጥሩን ወደ 150 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ እንዲል አቅርቧል። በሌላ አገላለጽ፣ በታካሚዎቻችን ጣት ላይ የምንሰካው መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ሲመዘን የቆየው ከእነርሱ ጋር በማይመሳሰሉ ጥቂት ሰዎች ነው።

የከፍታ ጉዳይም ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከመገናኛ አካባቢ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ጫፍ የሚወጣ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይጨምራል። በባሕር ወለል 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ የሆነው የሚተነፈሰው አየር የኦክሲጅን ግፊት በአዲስ አበባ ወደ 110፣ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 100 ይወርዳል። ስለዚህ ለባሕር ወለል ነዋሪ የወጣን የ94 ወይም የ92 በመቶ ወሰን ለየካ ነዋሪ እንዳለ መውሰድ ጥያቄ ያስነሳል። በአንጻሩ ሁሉም ከፍተኛ ቦታ ነዋሪ ዝቅተኛ ቁጥር ይኖረዋል ብሎ መገመትም አይቻልም። በሰሜን ተራሮች በአምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት የኦክሲጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ይህን የመሰለ ሕዝብ ያለው ሀገር የራሱን ወሰን ራሱ ቢለካ የሚጠበቅ ነው። ለመለካት ግን ከመሣሪያው የሚወጣውን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ጥሬ ሲግናል መክፈት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ከእንጦጦ ተራራ ላይ

ይኸው ዕውቀት ከሆስፒታሉ በላይ ባለው ተራራ ላይ በሌላ መልክ ይሠራበታል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጀመረው ጥረት በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበትን የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል አስገኝቷል። ማዕከሉ በአስትሮኖሚ፣ በስፔስ ሳይንስና በርቀት ዳሰሳ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን አሠልጥኗል። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ሲመጥቅ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ርቀት የሚልከውን መረጃ የሚቀበለው በእንጦጦ የተተከለው የምድር ጣቢያ ነበር። ዘርፉ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ይመራል።

አንቴናው የሚቀበለው ሲግናል እጅግ ደካማ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ የከተማዪቱ ሬዲዮና ስልክ ይጮኻል። ደካማውን ከጩኸቱ የሚለየው ሒሳብ የፅንስን የልብ ምት ከእናቱ የልብ ምት ከሚለየው ሒሳብ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህ ለተማሪው ትልቅ ትርጉም አለው። መሠረቱን በሚገባ የተማረ ሰው ዛሬ በልብ ሲግናል ላይ ቢሠራ ነገ በሳተላይት ምስል፣ በድምፅ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ላይ መሥራት ይችላል።

ትምህርቱና የሚጠይቀው ዝግጅት

በሀገራችን ሲግናል ፕሮሰሲንግ ብዙውን ጊዜ ራሱን ችሎ ሳይሆን በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና፣ በተለይም በኮሙኒኬሽን ምህንድስና ሥር ይሰጣል። ለጤናው ቅርብ የሆነው መንገድ በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የባዮሜዲካል ምህንድስና ነው። ለመግባት በትምህርት ሚኒስቴር የሚዘጋጀውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍና የየትምህርት ክፍሉን መስፈርት ማሟላት ያስፈልጋል።

የትምህርቱ አጥንት ሒሳብ ነው። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሌለው ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይቸገራል። በዚህ ረገድ ለሐኪም እውነቱን መናገር ተገቢ ነው። የሕክምና ትምህርታችን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሒሳብን ስለሚያርቅ፣ ሐኪም በቀጥታ ወደ ምህንድስና ማስተርስ መግባቱ አስቸጋሪ ነው። ሦስት መንገዶች ግን ይታያሉ። የመጀመሪያው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሰጥቶ የሒሳቡንና የፕሮግራሙን ክፍተት መሙላት ነው። ሁለተኛው እንደ ጤና ኢንፎርማቲክስና ሜዲካል ፊዚክስ ባሉ አጎራባች ዘርፎች መግባት ነው። ሦስተኛውና ለብዙዎቻችን የሚቀርበው በሙያችን ጸንተን፣ ከምህንድስና ተማሪ ጋር አንድ ጥያቄ ተካፍሎ መሥራት ነው። በተለይ በዚህ ሦስተኛው መንገድ ሐኪሙ ትክክለኛውን ጥያቄና ታካሚውን፣ መሐንዲሱ ስሌቱን ያመጣል።

የሥራ ዕድሉ

በሥራ ማስታወቂያ ላይ «የሲግናል ፕሮሰሲንግ ባለሙያ» የሚል መጠሪያ ሀገር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሥራው በሌላ ስም ተሸፍኖ ይገኛል።

በጤናው ዘርፍ በሆስፒታሎች የባዮሜዲካል ክፍል፣ መሣሪያ በሚያስመጡና በሚተክሉ ድርጅቶች፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር፣ እንዲሁም በመሣሪያ ግዥ የመስፈርት ዝግጅት ላይ ይህ ዕውቀት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም። አንድ መሣሪያ ምን ማጣሪያ እንዳለው፣ በማን ላይ እንደተመዘነና ጥሬ መረጃውን ለባለቤቱ ይከፍት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግዥው ሲወሰን በጠረጴዛው ዙሪያ ከሌለ፣ ጥያቄው የሚነሳው መሣሪያው በታካሚው ጣት ላይ ከተሰካ በኋላ ይሆናል።

ከጤናው ውጭ የቴሌኮም ዘርፉ ሰፊ ነው፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ጀምሯል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ወቅት እንደታየው የመሬት ሲግናልን የሚከታተሉ ባለሙያዎችም ያስፈልጋሉ። አማርኛንና ሌሎች ቋንቋዎቻችንን ለኮምፒውተር የማስተማር ሥራ ደግሞ ከድምፅ ሲግናል ይጀምራል፤ ለአማርኛ ንግግር መለያ የሚያገለግል የድምፅ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2005 ለምርምር ቀርቦ ነበር። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚሠራው ሀገራዊ ተቋምም ለዘርፉ ምሩቃን አንድ በር ነው።

ዕውቀቱ ሲሸጋገር ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ምሳሌ ናት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ በአፕል ኩባንያ የድምፅ ሲግናል ላይ ከሠራች በኋላ ወደ ኮምፒውተር ዕይታ ተሻግራ በዶክትሬት ተመርቃለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያሳተመችው ጥናት የፊት መለያ ሥርዓቶች ከሁሉ ይልቅ ጥቁር ሴቶችን እንደሚሳሳቱ አሳይቷል። ከላይ ከተጠቀሰው የፐልስ ኦክሲሜትር ጉዳይ ጋር ያለው ዝምድና ለአንባቢ ግልጽ ነው፤ መሣሪያ ባልተመዘነበት ሰው ላይ ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ችግሮቹን መደበቅ አይገባም። በብዙ የጤና ተቋማት ለዚህ ዕውቀት የተመደበ የሥራ መደብና የደመወዝ ደረጃ የለም፤ ማስተርስ ይዞ የተመለሰ ባለሙያ የተሰበረ መሣሪያ ጠጋኝ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የላቦራቶሪ ዕቃና ጥሬ የሕክምና መረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ወደ ውጭ ሀገር ወይም ወደ ሶፍትዌር ሥራ ያዘነብላሉ። ይህን አስቀድሞ አውቆ የሚገባ ተማሪ ከማያውቀው ይልቅ የተሻለ ምርጫ ያደርጋል።

ከመመዝገብ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

በዚህ ዘርፍ ለመማር የሚያስብ የጤና ባለሙያ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

1. አማካሪ የሚሆነኝ መምህር በሕክምና ሲግናል ላይ ሠርቷል ወይ? ከሆስፒታል ጋርስ የሥራ ግንኙነት አለው?
2. ለመመረቂያ ጥናቴ የሚያስፈልገኝን መረጃ ከየት አገኛለሁ? የሥነ ምግባር ፈቃዱን ማን ይሰጣል? የታካሚው ማንነትስ እንዴት ይጠበቃል?
3. የሒሳብና የፕሮግራም አጻጻፍ ችሎታዬን ከመግባቴ በፊት በምን አረጋግጣለሁ?
4. የላከኝ መሥሪያ ቤት ስመለስ በምን መደብ ያሠራኛል? ይህስ በጽሑፍ ተገልጿል ወይ?
5. ጥናቴ የሚመልሰው ጥያቄ ከመኝታ ክፍል የመነጨ ነው ወይስ ከኢንተርኔት በወረደ የሌላ ሀገር መረጃ ላይ ብቻ ይቀራል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ከኮተቤ እስከ እንጦጦ ባለው ዳገት ላይ ብቻ ለበርካታ ተማሪዎች የሚበቃ የጥናት ርዕስ አለ። በተለያየ ከፍታ የሚኖሩ ጤነኛ ሕፃናትና ዐዋቂዎች የኦክሲጅን ሙሌት ስንት ነው? በገበያ ያሉት የጣት መሣሪያዎች ከደም ቅዳ ጋዝ ምርመራ ጋር ሲነጻጸሩ በታካሚዎቻችን ላይ በስንት ይሳሳታሉ? የኤሌክትሪክ ኃይሉ በሚዋዥቅበትና የመሬት ሽቦ በሌለው ክፍል የተነሳ ኢ.ሲ.ጂ. ምን ያህል ይዛባል? በጤና ጣቢያ በሞባይል ስልክ የተቀዳ የሕፃን የሳንባ ድምፅ የሳንባ ምችን ለመለየት ይረዳል ወይ? እነዚህን ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ሐኪምና መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ግን ግድ ነው።

ማጠቃለያ

ሲግናል ፕሮሰሲንግ ለጤና ባለሙያው ሩቅ የምህንድስና ጉዳይ ቢመስልም በየዕለቱ የሚያምነው ቁጥር የሚወለድበት ቦታ ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ከባድ ነው፤ የሥራ መደቡም ገና በሚገባ አልተደራጀም፤ ዕውቀቱ ግን በብዙ ዘርፍ ተፈላጊ በመሆኑ በአንድ በር ብቻ የታጠረ አይደለም። የጤና ተቋማት ለዘርፉ ባለሙያዎች ግልጽ የሥራ መደብ ቢከፍቱ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎችን በጋራ የመመረቂያ ጥናት ቢያገናኙ፣ የግዥ ኮሚቴዎችም «ይህ መሣሪያ በማን ላይ ተመዘነ?» ብለው መጠየቅን ልማድ ቢያደርጉ ብዙ ይስተካከላል። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ዛሬ በመኝታ ክፍላችን ልናደርገው የምንችል ነገር አለ፤ ቁጥሩና ታካሚው ሳይስማሙ ሲቀሩ አስቀድሞ ታካሚውን መመርመር፣ ቀጥሎም ሞገዱን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ማመን።